ማንገቻና ሸክም በላስታ ደጋ፦ ከማኅደር እስከ ካሜራ

የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ሌንሱ ጥራት፣ ከመስታወት ወደ ፊልም ስለ ተደረገው ሽግግር፣ ስለ ታዋቂ አንሺዎችም ብዙ ይነገራል። ካሜራው ግን በራሱ እግር አልሄደም። ከወደብ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ገደል ያደረሰው የከብት ጀርባና የሰው ትከሻ ነው። ትከሻውንና ሸክሙን ያገናኘው ደግሞ ጠፍር ነው። በዛሬው አነጋገር የካሜራ ማንገቻ የሚባለው ይህ ተራ የሚመስል ነገር ከሥነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ይሁንና አንድ ሥዕል ይነሣ ወይም ሳይነሣ ይቅር የሚለውን ጥያቄ ከሌንሱ ይልቅ ማንገቻው የወሰነባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

ከወልድያ አቅጣጫ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያቀና መንገደኛ ኩልመስክን ያልፋል። ኩልመስክ ከላሊበላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ተከዜ ከሚመነጭበት ደጋ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የላስታ ከተማ ናት። የመኪና መንገድ ሳይገባ በፊት በዚህ አገር የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ሁሉ፣ እህሉም፣ በሰቆጣ ገበያ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨውም፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትም፣ በአህያና በበቅሎ፣ ከብቱ በማይደፍረው ቁልቁለት ደግሞ በሰው ጀርባ ይጓጓዝ ነበር። ስለዚህ የላስታ አጋሰስ ነጂ ስለ ሸክም ያለው ዕውቀት ከትምህርት ቤት ያገኘው ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የሥራ ዕውቀት ነው። ሸክም የሚጎዳው በክብደቱ ብቻ አለመሆኑን፣ ይበልጡን የሚጎዳው በመወዛወዙ መሆኑን ያውቃል። በዳገት ጭነቱ ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ ትከሻ መጋጠሚያ እንደሚንሸራተት ያውቃል። ስለዚህም ከሆድ ሥር ከሚዞረው መጫኛ ሌላ በደረት ፊትና በጭራ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ያበጃል። ሁለቱን ጎን ያመዛዝናል፤ ከጭነቱ ሥርም የበግ አጎዛ ወይም ያረጀ ጆንያ ይደለድላል። ይህን ያልጠበቀ ነጂ አህያው ገጣባ ይሆንበታል። ገጣባ አህያ ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ውጭ ነው፤ ለደሀ ገበሬ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ስለ ማንገቻ የሚነገረው ነገር ከቋንቋው ቢጀምር ተገቢ ነው። «አነገተ» የሚለው ግስ ከ«አንገት» ጋር የተዛመደ ነው፤ ቃሉ በአንገት ማንጠልጠልን ያመለክታል። በተግባር ግን ጠመንጃ ያነገተ ሰው ጠመንጃውን በአንገቱ አላንጠለጠለም፤ በትከሻው ነው ያዋለው። ቃሉ አንገትን ይጥራ እንጂ የሕዝቡ ልምድ ሸክሙን ከአንገት አውርዶ በትከሻ አጥንት ላይ አሳርፎታል። የአውሮፓና የጃፓን የካሜራ ፋብሪካዎች በበኩላቸው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከየካሜራው ጋር አብረው ያወጡት ቀጭን የአንገት ማንገቻ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይለዋል።

በደጋው የቆዳ ሥራ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው አንቀልባ ነው። አንቀልባ ሕፃኑን በሰፊ ቆዳ ደግፎ ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጠፍሮቹም በትከሻና በብብት ዞረው ፊት ለፊት ይታሰራሉ። ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ አይወድቅም፤ ወደ ጀርባ አጥንት የተጠጋ ስለሆነም እናቲቱ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ስታርም ወይም እንጨት ስትለቅም ሕፃኑ አይወዛወዝም፤ ሁለት እጆቿም ነፃ ናቸው። ሁለተኛው ማኅደር ነው። የብራና መጽሐፍ እንደ ካሜራ ሁሉ ውድ ነው፣ ዝናብ ይጠላል፣ መውደቅንም አይችልም። በመሆኑም በድጉሥ ላይ ሌላ ወፍራም የቆዳ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማንገቻውም በአፎቱና በክዳኑ ጎን በተበጁት ማሾለኪያዎች ስለሚያልፍ ማኅደሩ ሲንጠለጠል ክዳኑ በራሱ ክብደት ይጠብቃል እንጂ አይከፈትም። ካህኑ ማኅደሩን ከአንድ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ጎን አሻግሮ ያነግተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስም በዚያው ማንገቻ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ችካል ላይ ይሰቅለዋል። አንድ ማንገቻ የመሸከሚያም፣ የመዝጊያም፣ የመስቀያም አገልግሎት ይሰጣል። የዚህ ዕቃ ሠሪ ፋቂ ተብሎ በዘመኑ ኅብረተሰብ ሲናቅ የኖረ ባለሙያ መሆኑ ከታሪኩ ጋር አብሮ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ካሜራ ወደዚህ ደጋ በከፍተኛ መጠን የመጣው ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በአንጣሎ አድርጎ፣ አሸንጌን አልፎ፣ የላስታን ምሥራቃዊ ጠረፍ ታክኮ ወደ ዋድላና ደላንታ ወጣ። ዋግንና ላስታን ይዞ የነበረው፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ የነገሠው ዋግሹም ጎበዜ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፍቶ ስለነበር ጦሩ በዚህ መስመር ከባድ ተቃውሞ አልገጠመውም። ወታደሩ 13 ሺህ ያህል ነበር፤ ተከታዩ ከዚያ እጥፍ ይሆናል፤ የጭነት ከብቱም ከ40 ሺህ በላይ ሲሆን ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩበት። በዚህ ሁሉ ሠራዊት ውስጥ በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ፣ ከንጉሣዊው መሐንዲሶች 10ኛ ሻምበል የተውጣጣ አንድ አነስተኛ የፎቶግራፍ ቡድን ነበር። ተግባሩ በአብዛኛው ወታደራዊ ነው፤ ካርታና የመንገድ ንድፍ ማባዛት፣ ሠፈሮችንና ምሽጎችን ማንሣት። ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ጥንታዊ ፎቶግራፎች መካከል የሚቆጠሩት ሥዕሎች የዚህ ቡድን ሥራዎች ናቸው።

የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ሸክም ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሠራሩ ዘዴ የእርጥብ ኮሎዲዮን ነው። አንሺው የመስታወቱን ገበታ በኮሎዲዮን ይቀባል፤ በጨለማ ድንኳን ውስጥ በብር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ከትቶ ያነሣል፤ ወዲያውም ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በዐሥር ወይም በዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ ሥዕሉ ከንቱ ነው። በመሆኑም ካሜራውን ብቻ ይዞ መሄድ አይቻልም። የእንጨት ካሜራው፣ ባለሦስት እግር መቆሚያው፣ በሣጥን የተደረደረው መስታወት፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ፣ መንከሪያው፣ ድንኳኑና ውኃው አብረው መጓዝ አለባቸው። ማንገቻው እንግዲህ በሰው አንገት ላይ አልነበረም፤ በበቅሎ ሆድ ሥር ነበር። አንድ ጠፍር ቢላላ፣ አንዲት በቅሎ በአንድ ድንጋያማ ቁልቁለት ብትደናቀፍ፣ የብዙ ቀን ሥራ ስብርባሪ መስታወት ሆኖ ይቀራል። የዘመቻው የጭነት ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት በዙላ ጠረፍ እጅግ የተዝረከረከ እንደነበር፣ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችም በውኃ ጥምና በበሽታ እንዳለቁ የታወቀ ነው። ጦሩ ወደ ደጋው ከወጣ በኋላ በማርያ ቴሬዛ ብር ከየአካባቢው ባላገር ከብትና ጉልበት መከራየት የግድ ሆነበት። ዝሆኑ መድፉን ይሸከም እንጂ የዘመቻውን ስንቅ ከመንደር ወደ መንደር ካደረሱት መካከል በመጫኛና በአጎዛ የሚሠራው ባላገር አንዱ ነው።

በዚያው የበጋ ወራት፣ በዚያው የዋድላና የደላንታ ደጋ ላይ ሌላ ሸክም ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ መድፍ በሠረገላ ጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጉዙት ነበር። መድፉን የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። መንገዱ በየስፍራው አዲስ እየተቆፈረና እየተደለደለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአካል ከሥራው ላይ እየዋሉ፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መድፉ ክብደት ብዙ ጽፈዋል፤ የጎታቾቹን ትከሻ ያቆሰለው ጠፍር ግን በዝምታ ታልፏል። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ሰባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው በመቅደላ አምባ ላይ አለ። የእንግሊዞቹ መስታወት ግን ከመቅደላው ዝርፊያ ጋር ወደ ለንደን ወረደ።

ከመቅደላ መልስ ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ ከጦሩ ተለይቶ ላሊበላን ጎበኘ። ከእርሱ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያናቱን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚጽፈውን የሚያምነው እንደማይኖር ሰግቶ ነበር። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬም እ.ኤ.አ. በ1882 በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ ስለ ላሊበላ አሳተመ። ለሩቅ አገር ሰው የዐለቱ ሥራ የማያከራክር ማስረጃ የሆነው ግን ፎቶግራፉ ነው። ስለዚህም ካሜራን እስከ ላስታ ማድረስ የምሁራን የትርፍ ጊዜ ሥራ አልነበረም፤ የአንድ ሕዝብ የእጅ ሥራ ታመነ ወይስ አልታመነ የሚል ጉዳይ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ሁኔታው የተለየ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የአርመን ተወላጆቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች በስቱዲዮ ሲሠሩ ካሜራቸው በመቆሚያው ላይ ይቆማል፤ ባለጉዳዩ፣ መስፍንም ይሁን ወይዘሮ፣ ወደ ካሜራው ይመጣል። በስቱዲዮ ማንገቻ አያስፈልግም። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ገበያውን፣ እርሻውን፣ ዐውድማውንና የዐለቱን ደብር ወደ ስቱዲዮ ማምጣት አይቻልምና።

የካሜራው ክብደት እየቀለለ ሄደ። ደረቁ የጄላቲን መስታወት የጨለማውን ድንኳን ከበቅሎዋ ጀርባ አወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው ኮዳክ የጥቅል ፊልሙን አስፋፋ፤ በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ ካሜራውን በአንድ እጅ የሚያዝ አደረገው። ሸክሙ ከአጋሰሱ ወደ አንሺው የተሸጋገረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያረፈውም በአንገቱ ላይ ነው። ትንሿ ላይካ አንገትን አትጎዳም። ዳሩ ግን ሌንሱ እየረዘመ፣ መሣሪያውም እየተራቀቀ ሲሄድ ክብደቱ ተመልሶ መጣ። የዛሬ ባለሙያ የሚይዘው ካሜራ ከረጅም ሌንሱ ጋር ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት ይይዛሉ። ይህ ክብደት በሁለት ጣት ስፋት ማንገቻ ከአንገት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንጠለጠል ጭንቅላትን ወደ ፊት ይጎትታል፤ የማጅራት ጡንቻም ያንን ለመቋቋም ያለ ዕረፍት ይሠራል። የላስታ አጋሰስ ነጂ ይህን ቢያይ ገጣባ የሚለው ስም አይጠፋውም።

ከላስታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ላይ በ1977 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር በረሃብ የተጠቃውን ሕዝብ በኮረምና በመቀሌ ቀረጸ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ያ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ከባድ ነበር፤ በትከሻ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም። አብዛኛውን ጊዜም የቴፕ መቅጃው ራሱን የቻለ ሣጥን ሆኖ በረዳቱ ትከሻ ይነገታል፤ ሁለቱ ሰዎች በኤሌክትሪክ ገመድ ተያይዘው እንደ ጥንድ በሬ አብረው ይራመዳሉ። አንዱ ቢሰናከል ሌላው ይቆማል። የሌላውን ሰው ሥቃይ የሚቀርጽ ባለሙያ ማንገቻውን ሲያስተካክል ሊቆይ አይችልም፤ ያ ቅጽበት አይመለስምና። አሚን በግንቦት ወር መጨረሻ 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት በፈነዳ ጊዜ ግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም በዚያው ስፍራ ሞተ። ሸክሙን የሚደግፈው ክንድ ከሌለ የካሜራ ሥራ ያበቃል ብለው ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ። አሚን ግን በሰው ሠራሽ ክንድ እየታገዘ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የአሚን ስም በትክክል ሲነሣ ይኖራል። ከእርሱ ጋር ወድቆ የቀረውን የድምፅ ባለሙያ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

በቅርብ ዓመታት የካሜራ ማንገቻ ሠሪዎች ሥራቸውን ለውጠዋል፤ ለውጡም ወደ አንቀልባውና ወደ ማኅደሩ አቅጣጫ ነው። ከአንድ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ የሚሻገረው ማንገቻ በአሠራሩ ከማኅደሩ ማንገቻ አይለይም። ሁለት ትከሻ የሚይዘውና በጀርባ የሚጠላለፈው፣ ሁለት ካሜራ በሁለት ጎን የሚያወርደውም፣ በአንቀልባው ጠፍር አካሄድ ነው የሚሠራው። ስፋቱ ወሳኝ ነው፤ ማንገቻው በእጥፍ ሲሰፋ በትከሻ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ጫና በግማሽ ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ ስፋትና ልስላሴ አንድ አይደሉም። እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ማንገቻ በሱቅ ውስጥ ሲሞከር ይመቻል፤ በዳገት ላይ ግን ካሜራው በየእርምጃው ይዘላል፤ የሚዘል ሸክም ደግሞ ከክብደቱ በላይ ይከብዳል። የማይለጠጥ ጠንካራ ድርና ከሥሩ መጠነኛ ድልዳል ያለው ይመረጣል። ቆዳ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዝናብ ርሶ በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የደጋ ሰው መጫኛውን ቅቤ ወይም ሞራ የሚቀባው ለዚሁ ነው።

መጥበቁስ? ብዙ ካሜራ የወደቀው ማንገቻው ተበጥሶ አይደለም፤ መጋጠሚያው ተከፍቶ ነው። ከካሜራው ሥር በሚገባ ብሎን የሚያያዘው ማንገቻ በእግርና በበቅሎ ጉዞ ንቅናቄ ቀስ በቀስ ይላላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ በየማለዳው ብሎኑን ያጠብቃል፤ በተጨማሪም ከካሜራው ጎን ካለው ቀለበት ወደ ማንገቻው አንዲት ቀጭን ጠንካራ ገመድ ያስራል፤ አንደኛው ቢከዳ ሁለተኛው እንዲይዝ። ስፌቱ ከሚበዛበት መታጠፊያ ላይ ማየት፣ የፕላስቲክ መቆለፊያውን በብርድ ማለዳ መፈተሽ፣ ካሜራውንም ከበቅሎ ኮርቻ ላይ አለማንጠልጠል የዚሁ ጥንቃቄ ክፍሎች ናቸው። በቅሎ ስትደነግጥ አስቀድሞ የሚመታው በጎኗ የተንጠለጠለው ነው።

በላሊበላ ውስጥ ደግሞ የማንገቻው ርዝመት የቅርስ ጉዳይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ለጠራቢው መጥረቢያ ምቹ የሆነው ያው ባሕርይ ለመፋቅም ምቹ ያደርገዋል። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚያወርደው ስርጥ ጠባብ ነው፤ በምሥራቁ ወገን ያለው ዋሻ ደግሞ ጨለማ ነው፤ ሰው በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ያልፋል። እስከ ጉልበት በረዘመ ማንገቻ የተንጠለጠለ ካሜራ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግድግዳውን ይመታል። አንዱ ጎብኚ የሚያደርሰው ጭረት አይታይም፤ የሺሆች ጭረት ግን ይታያል። በዚህ ስፍራ ማንገቻው አጥሮ ካሜራው ከሆድ ጋር መጣበቅ አለበት፤ ወይም ሕፃን እንደሚታቀፍ በሁለት እጅ መታቀፍ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የስዊሱ ፎቶግራፍ አንሺ የጌኦርግ ጌርስተር መጽሐፍ የኢትዮጵያን የዐለት አብያተ ክርስቲያናት ለዓለም ካሳወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገልጥ አንባቢ የሚያየው ጥላውንና ብርሃኑን ነው። ከላሊበላ በላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም የወጣ ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ መጨረሻው ላይ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ በቅሎም እስከ ተወሰነ ስፍራ ድረስ ብቻ ነው የምትሄደው። ከዚያ በላይ መቆሚያውን፣ ትርፍ ሌንሱንና መብራቱን የሚያወጣው የአካባቢው ወጣት ነው። አንሺው ካሜራውን ይዞ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወጣቱ ሣጥኑን ተሸክሞ የሚወጣውና የሚወርደው ግማሽ ቀን ነው። ማንገቻ ሲመረጥ ግን ሰፊውና ልስልሱ ለአንሺው ትከሻ ይገዛል፤ የረዳቱ ሣጥን በሲባጎ ይታሰራል።